ከጣና ደሴቶች እስከ ጎንደር፦ እቴጌ ምንትዋብን እየተከተሉ መጎብኘት

ጣናንና ጎንደርን ለማየት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ለገዳማቱ፣ አንድ ቀን ለግንቦቹ ይመድብና ሁለቱን እንደማይተዋወቁ ነገሮች አይቶ ይመለሳል። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ዘመድ ሲመጣ ጣና ላይ ይዤ የምወጣው፣ ጎንደር ድረስም የምሸኘው እኔ ነኝ። ሁሉንም የምመክራቸው አንድ ነገር ነው፤ ሕንፃ አትቁጠሩ፣ ሰው ተከተሉ። የጎንደርን ትልቁን ግንብ ያሠሩት ዐፄ ፋሲለደስ አፅማቸው ያረፈው ጎንደር ሳይሆን ጣና መሀል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገር ያስተዳደሩት የዐፄ በካፋ ሚስት እቴጌ ምንትዋብም ጎንደር ላይ ግንብ አሠርተው፣ የቁስቋምን ደብር ተክለው፣ ደቅ ደሴት ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አቁመዋል። ደሴቱና ግንቡ የአንድ ቤት ሰዎች ሥራ ነው።

እዚህ የምጽፈው የምንትዋብን መንገድ ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት አለኝ። ሴት ነኝ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የጣና ደሴት ገዳማት ደግሞ ሴት አይገባባቸውም። የእቴጌዋ ቦታዎች፣ ናርጋም ቁስቋምም፣ ወንዱም ሴቱም እኩል የሚገባባቸው ናቸው። ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣ ሰው ግማሹን ጀልባ ላይ አስቀምጦ ግማሹን ይዞ አይወርድም።

መቼና በምን ትመጣላችሁ?

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ለዓይን የሚስማማ ነው። ዝናቡ ይቆማል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሐይቁም ሞልቷል። ክረምት ላይ ዘጌ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የገዳማቱ አገር፣ ጭቃ ነው፤ ከጀልባ መውረጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው የጫካ መንገድ እግር አያስቆምም። በዓል የምትወዱ ከሆነ ግን ጥርን አትለፏት፤ መምጣት ያለባችሁም ለጥምቀት ዋዜማ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። ጥር 7 ሥላሴ ነው፤ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚነግሥበት ቀን። ከዚያ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ይከተላሉ። ጥር 6 ጎንደር የገባ ሰው ሥላሴን አንግሦ፣ መሀሉን ቀናት ግንቦቹን በእርጋታ አይቶ፣ ጥምቀትን ያከብራል። አልጋ ግን ከወራት በፊት ካልያዛችሁ አታገኙም።

የመንገዱን ነገር በግልጽ ልናገር። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት የባሕር ዳር ጎንደር መንገድ ክፍት የሚሆንበትም የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ጋ ደውላችሁ ጠይቁ፤ በዋዜማው ደግሞ እንደገና ጠይቁ። በመኪና ከተጓዛችሁም ጠዋት ተነስታችሁ ከመምሸቱ በፊት ግቡ። ሁለቱም ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያ ስላላቸው የአየር ትኬት ስትቆርጡ በባሕር ዳር ገብታችሁ በጎንደር እንድትወጡ አድርጉት። እንዲህ ሲሆን ከሐይቁ ጀምራችሁ ወደ ግንቦቹ ትወጣላችሁ፤ ታሪኩም በዚሁ አቅጣጫ ነው የሄደው። ነገሥታቱ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ለብዙ ዘመን በጣና ዙሪያ ነበር የሚከርሙት።

ከጀልባው በፊት

ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ ይኑራችሁ። ነጠላውን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙት፤ ጀልባ ላይ ከፀሐይም ያድናችኋል። ጫማችሁ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ታወልቃላችሁ። ካልሲ የምትለብሱ ከሆነ ወፈር ያለ ይሁን፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም። ገንዘባችሁን ዘርዝሩ። መግቢያ የሚከፈለው በየገዳሙ ለየብቻ ነው፤ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል። ደረሰኝ ተቀበሉ። ለዕቃ ቤት ጠባቂው፣ ለአስጎብኚው፣ ለሙዳየ ምጽዋቱ ባለ ሃምሳና ባለ መቶ ብር ካልያዛችሁ ትቸገራላችሁ፤ ደሴት ላይ መልስ የሚሰጥ የለም።

በሥርዓታችን የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፤ ቅጥሩ ውስጥ ሆና ትሳለማለች። ቀናችሁን ስትመርጡ ይህን አስቡበት። ኦርቶዶክስ ያልሆነ እንግዳ ይዛችሁ ከመጣችሁ አይፍራ፤ ዘጌ የሁሉንም አገር ሰው ለምዷል። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ግን ሥዕሉን ለማየት አትግፉ፤ ውጭ ዛፍ ሥር ቆዩ። መነኮሳቱን «አባ» ብላችሁ ነው የምትጠሩት። መስቀል ሲያወጡላችሁ የምትሳለሙ ከሆነ ተሳለሙ፣ ካልሆነም እጅ ነሥቶ ማለፍ ይበቃል።

ጀልባውን ከሐይቁ ዳር ካሉት የጀልባ ማኅበራት ተዋዋሉ። ውሉ በቃል ስለሆነ አራት ነገር ሳይቀር ተናግራችሁ ተሳፈሩ። የትኞቹ ቦታዎች እንደምትቆሙ፣ በየቦታው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ዋጋው ለጀልባው ይሁን ለነፍስ ወከፍ፣ ላይፍ ጃኬትም ለሁሉም ሰው ይኑር አይኑር። ግማሹን ሂሳብ ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ ማድረግ የለመደ ብዙ ነው፤ እናንተ ልበሱት። ጣና ጠዋት ዝም ያለ ውኃ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ያንገላታል። ጀልባ ነጂው «እትዬ፣ ነፋሱ ሳይነሳ እንመለስ» ካላችሁ ሰበብ እየፈለገ አይምሰላችሁ፤ ተነሱ። እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወዲያ አልነሳም፤ ለናርጋ ከሆነ ደግሞ በ12 ሰዓት።

የመጀመሪያው ቀን፣ ዘጌ

ናርጋ ሩቅ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቀን ለዘጌ ስጡ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመንገድ ላይ ክብራንና እንጦስ ጎን ለጎን ይታያሉ። ክብራን ገብርኤል ለወንዶች ብቻ ነው፤ እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችም የሚገቡበት የመነኮሳይያት ገዳም ነው። ወንዶቹ ክብራን ሲወርዱ እኛ ሴቶች እንጦስ እንውላለን።

ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ነው። ከጀልባ ስትወርዱ የሚቀበላችሁ የቡና ጫካ ነው። በአካባቢው እንደሚነገረው ገዳሙን የመሠረቱት አባት፣ አቡነ በትረ ማርያም፣ በትራቸውን ሰብረው ቢተክሏት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆና በቀለች። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ ሕዝቡ የሚኖረው በእነዚሁ ተክሎች ነው። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው ማንም ሳይጠብቀው ሳይሆን በዚህ ሥርዓት ተጠብቆ ነው። ስለዚህ መንገድ ዳር ቡና የምትሸጥ ሴት ካገኛችሁ ግዙ፤ ለጫካው የምታደርጉት ቀጥተኛ እርዳታ ይሄ ነው። ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎችም ይሸጣሉ።

አዝዋ ማርያም ለመውረጃው ቅርብ ናት። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ያስኬዳል። አንዱን ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ ዑራን ምረጡ።

ዑራ እንደ ብዙዎቹ የጣና አብያተ ክርስቲያናት ክብ ነው። ውጪኛው ዙር ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሀሉ መቅደስ ነው። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ውጪኛ ግድግዳ ላይ ስለሆነ እናንተ በዙሪያው እየዞራችሁ ነው የምታዩት። መቅደሱ ውስጥ ከካህን በቀር ማንም አይገባም፤ በመጋረጃው ቀዳዳም አትመልከቱ። የካሜራ ብልጭታ አጥፉ፣ ግድግዳውን በጣት አትንኩ። የሚያስጎበኛችሁ ሰው መጋረጃ የሚገልጥላችሁ ከሆነ እሱ እስኪገልጠው ጠብቁ።

ሥዕሉን ስታዩ አትሩጡ። ዘመዶቼን የማስተምራቸው የንባብ ዘዴ ይህ ነው። መጀመሪያ ዓይኖችን ተመልከቱ። ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ሆነው ፊት ለፊት ይሣላሉ። ከሃዲው፣ ገራፊው፣ ሰይጣኑ ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ያወቀ ልጅ የማያውቀውን ታሪክ እንኳ ማን ማን እንደሆነ ለይቶ ይነግራችኋል። ከዚያ አጃቢዎቻቸውን ፈልጉ። አንበሳና ነብር ያሉበት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው፤ ዘንዶ ያለበት ተራራ አቡነ አረጋዊ ናቸው፤ ፈረስ ላይ ሆኖ ደራጎኑን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው።

በላዔ ሰብእን ሳታዩ አትውጡ። 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም አንድ እፍኝ ውኃ ብቻ አጠጥቶ ነበር። በፍርዱ ቀን ሚዛኑ ላይ በአንድ ወገን የሰዎቹ ነፍስ፣ በሌላው ወገን ያቺ እፍኝ ውኃ ትቀመጣለች፤ እመቤታችን ጥላዋን ስትጥልበት ውኃዋ ደፋች። ቤተ ክርስቲያኑ የኪዳነ ምሕረት ስለሆነ ይህ ታሪክ እዚህ በቤቱ ነው ያለው። ካህኑን ጠይቋቸው፤ ሲተርኩት መስማት ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል። የካቲት 16 ቀን የምትመጡ ከሆነም ዓመታዊ ክብረ በዓሉን ታገኛላችሁ።

ስትወጡ ጣሪያው ጫፍ ላይ ያለውን ጉልላት በሰጎን እንቁላሎቹ፣ ቅጥሩ ውስጥ ደግሞ እንደ ደወል የሚመታውን የተንጠለጠለ ድንጋይ ተመልከቱ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት አሉ። ብራናውን ራሳቸው ጠባቂው ያገላብጡላችሁ።

መልስ ላይ ጀልባውን አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አስዙሩት። ጉማሬ የሚታየው እዚያ ነው፤ ወደ እሱ ተጠጋ ብላችሁ ግን ነጂውን አታስገድዱ። ማታ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ብሉ።

ሁለተኛው ቀን፣ ናርጋ ሥላሴ

ለብዙ አስጎብኚ ናርጋ አዋጭ አይደለም። ሩቅ ነው፣ ቤንዚን ይበላል፣ መሄጃው ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» ሊሏችሁ ይችላሉ። እኔ ግን ከጣና አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብባል ናርጋን እመርጣለሁ።

ናርጋ ከደቅ፣ ከጣና ትልቁ ደሴት፣ ጋር የተያያዘ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእቴጌ ምንትዋብ ተሠራ። ገና ከጀልባ ሳትወርዱ የምታዩት የድንጋይ የበር ግንብ ነገሩን ሁሉ ይናገራል። ዘጌ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ይሄኛው ግን ድንጋዩም ኖራውም የጎንደር ነው። የግንብ ሠሪዎቹ እጅ ሐይቁን ተሻግሮ መጥቷል። በኋላ ጎንደር ላይ የምንትዋብን ግንብ ስታዩ የት እንዳያችሁት ታስታውሳላችሁ።

ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ቀና ብላችሁ አይታችሁ ብቻ አትቅሩ። እኔን ያስጎበኙኝ ሽማግሌ ካህን «ልጄ፣ ቀና ብለሽ ብቻ አትዪ፤ ዝቅ በይ» ነው ያሉኝ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታለች። እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የቋራ ሰው፣ የዐፄ በካፋ ሚስት። በ1730 እ.ኤ.አ. በካፋ ሲሞቱ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር፣ ኋላም ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ያን ሁሉ ሥልጣን ይዘው ራሳቸውን ያሣሉት ዙፋን ላይ ሳይሆን እዚያ ሥር ነው። ሠዓሊው ግን ልብሳቸውን አላሳነሰም፤ ቀረብ ብላችሁ ጥለቱን ተመልከቱ።

ወንዶች ከመካከላችሁ ዳጋን ማየት የሚፈልጉ ካሉ ከደቅ አጠገብ ስለሆነ የዚያኑ ቀን ሊደርሱ ይችላሉ። ይህን ግን ጠዋት ከነጂው ጋር ስትዋዋሉ ተናገሩ። እዚያ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፣ የዐፄ ፋሲለደስና የሌሎችም ነገሥታት አፅም አርፏል። ዳገቱ ቀላል አይደለም፤ ውኃ ያዙ። ሴቶች በዚያ ጊዜ ደቅ ላይ ብንቆይ ይሻላል። ምሳ የሚሸጥበት ቦታ ስለማታገኙ ቆሎና ዳቦ ከባሕር ዳር ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ጎንደር

በመኪና ከሄዳችሁ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረታና ፎገራን፣ የሩዙን አገር፣ አልፋችሁ እንፍራንዝ ስትደርሱ ጉዛራ ግንብ ኮረብታ ላይ አለ። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፤ ከጎንደር ግንቦች ይቀድማል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ከላይ ጣና ይታያል።

ጎንደርን ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ቆረቆሯት። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግቢው 12 በር አለው። ፊት በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር፣ እንቢልታ በር፣ እርግብ በር እያላችሁ ስማቸውን ጠይቁ፤ በየትኛው ማን እንደሚገባ ከስማቸው የሚታወቁ አሉ። አስጎብኚ ያዙ፤ ፈቃድ ያለው መሆኑን ባጁን አይታችሁ። ያለ አስጎብኚ ድንጋይ ነው የምታዩት።

ከፋሲል ግንብ ጀምራችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ፤ ስትራመዱ ዘመኑም አብሯችሁ ይሄዳል። የፋሲል ግንብ በአራት ማዕዘኑ ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት። በሮቹና መስኮቶቹ ዙሪያ ያለውን ቀይ ድንጋይ በደንብ አስተውሉት፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። ቀጥሎ የጻድቁ ዮሐንስ ትንሹ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት አጊጦ እንደነበር የሚነገርለት የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ አለ። የዛሬው ጣሪያ አልባነቱ የመሬት መንቀጥቀጥም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብም ውጤት ነው። የበካፋን የግብር አዳራሽ አልፋችሁ መጨረሻ ላይ ምንትዋብ ግንብ ትደርሳላችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከገባችሁ ፀሐዩም ሕዝቡም አይበረታባችሁም።

ትኬቱን አትጣሉት፤ የፋሲል መዋኛም በዚያው ነው የሚታየው። ከከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ባጃጅ ይወስዳችኋል። ገንዳው የቀሃ ወንዝ ውኃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው፤ ሌላ ጊዜ ደረቅ ሆኖ ብታገኙት አትዘኑ። ዙሪያውን ያለውን አጥር የዋርካ ሥር እንዴት አድርጎ እንደያዘው ተመልከቱ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለከሰዓት አድርጉት። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ሥራ ነው፤ ከጣናዎቹ በተለየ ክብ ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን ነው። ደርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይሄኛውን የንብ መንጋ እንዳዳነው የጎንደር ሰው ይተርካል። ወለሉ ላይ ተቀምጣችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ፤ ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች በረድፍ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አያዩም። ዘጌ ላይ የተማራችሁት የዓይን ነገር እዚህም ይሠራል።

ቁስቋም

ለመጨረሻው ጠዋት ያስቀመጥሁላችሁ ይህን ነው። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ ኮረብታው ላይ ነው። እቴጌዋ ከግቢው ሽኩቻ ራቅ ብለው የኖሩበት ቤታቸው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲመጣ ያረፈው እዚሁ ነበር። ደርቡሾች ስላቃጠሉት ግንቡ ፈርሷል፤ ብዙ ጎብኚም «ፍርስራሽ ነው» ሲባል ይቀራል። የቆመው ግድግዳ ላይ ግን በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ፤ ከመሥኮቶቹ በላይ ፈልጓቸው። ፋሲል ግንብ በር ላይ ያስተዋላችሁት ቀይ ድንጋይ ከመቶ ዓመት በኋላ በአንዲት ሴት ቤት ጌጥ ሆኗል።

ዕቃ ቤቱ ሁልጊዜ ክፍት ስለማይሆን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ በአስጎብኚያችሁ በኩል ለቁልፍ ያዡ አስነግሩ። ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም ወር በገባ በ6 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ብትሄዱ የመገኘታቸው ዕድል ይሰፋል። ዓመታዊው በዓል ኅዳር 6 ነው። እዚያ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም ይገኛል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ አይሆንም ከተባላችሁ አትከራከሩ። ልጆች ካሏችሁ ከመግባታችሁ በፊት ምን እንደሚያዩ ንገሯቸው። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ስለሆነ፣ ከቀትር በኋላ የሚነሳ በረራ ካላችሁ ከቁስቋም በቀጥታ ትደርሳላችሁ፤ ሻንጣችሁን ጠዋት መኪናው ላይ ጭናችሁ ውጡ።